ሕመምተኛው «ስንት ነው የሚያስከፍለው?» አሉኝ፣ መለስኩላቸው፣ ተነስተው ሄዱ። ጥፋቱ የኔ ነው?

የፊት ዴስክ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መመዝገቢያ ላይ ሥራ ከጀመርኩ 7ኛ ሳምንቴ ነው። የማታ ሽፍት ነኝ። ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እዚህ ነርሶችም፣ ቢል ክፍል የምትሠሩም እንዳላችሁ ስለማውቅ ልጠይቃችሁ።

ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ አንድ አባት ብቻቸውን ገቡ። ስልሳ ዓመት ያልፋቸዋል። ያገሬ ሰው መሆናቸውን ገና ከበሩ ሲገቡ አወቅኩ። ብርድ ነበር፣ ግን ጃኬታቸውን አልቆለፉም፣ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ስም፣ የልደት ቀንና ስልክ ጠየቅኳቸው። ባጄ ላይ ስሜን አነበቡና በአማርኛ «ልጄ፣ እዚህ ስንት ነው የሚያስከፍለው?» አሉኝ። እኔም በቅንነት «እኔ አላውቅም ጋሼ፣ ግን ኢንሹራንስ ከሌለዎት ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ቢሉ ኋላ በፖስታ ይመጣል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ «አይ፣ አሁን ቀለል ብሎኛል፣ ነገ ክሊኒክ እሄዳለሁ» ብለው ወጡ። ብጣራም አልዞሩም። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ለቻርጅ ነርሷ (የሽፍቱ ኃላፊ ናት) ስነግራት ሮጣ ወጣች። ፓርኪንጉ ላይ የሉም። ተመልሳ መጥታ ሰዓቱን፣ እሳቸው ያሉትን፣ እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ጻፈች። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬ ጠራችኝና የኤምታላን (ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሁሉ መርምሩ የሚለውን የፌዴራል ሕግ) ሥልጠና እንደገና ውሰጂ አለችኝ። ወሰድኩ፣ ፈተናውንም አለፍኩ፣ ግን ጥያቄዬ አሁንም አልተመለሰም።

እኔ ስለ ኢንሹራንስ አልጠየቅኳቸውም። የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት፣ ያልኩትም ውሸት አይደለም። ታዲያ እንዴት ጥፋት ይሆናል? ሌላው ደግሞ፣ ሆስፒታሉ የመጣውን ሁሉ ማየት ካለበት ገንዘቡን ማን ነው የሚከፍለው? ሱፐርቫይዘሬ «በዚህ ሕግ ምክንያት ሆስፒታሎች እየተዘጉ ነው» አለችኝ፣ እውነት ነው? ከሁሉም በላይ ግን፣ ለእሳቸው ምን ማለት ነበረብኝ?

---

የማታ ነርስ

እህቴ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ድንገተኛ ክፍል 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንቺ የገጠመሽ ያልገጠመው መዝጋቢ የለም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢንሹራንስ አትጠይቁ የሚል ሕግ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጠየቅ ይቻላል። የማይቻለው ጥያቄው ወይም ወሬው ምርመራውን እንዲያዘገይ ማድረግ ነው፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ እንዲሄድ ማድረግም አይቻልም። ይሄ በደንቡ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል። እንግዲህ አንቺ ባትጠይቂያቸውም መልስሽ ሁለተኛው ውስጥ ይወድቃል። «ብዙ ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል፣ ደረቱን ለያዘ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው፣ ሂድ ከማለት አይለይም። አንቺ እንደዚያ አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሕጉ ግን ሐሳብሽን አይጠይቅም፣ ሰውየው ታይቷል ወይስ አልታየም ነው የሚለው።

መታየት ስልሽ ደግሞ ትሪያጅን ማለቴ አይደለም። ትሪያጅ ማን ይቅደም የሚለውን መለያ ነው። መታየት ማለት ሐኪም ወይም ሆስፒታሉ በደንቡ የፈቀደለት ባለሙያ መርምሮ፣ ይሄ ሕመም ለሕይወት ወይም ለጤና ክፉኛ ያሰጋል አያሰጋም የሚለውን ማወቅ ነው። ካሰጋ እስኪረጋጋ ድረስ ማከም ግዴታ ነው። እዚህ የማይቻል ከሆነ ወደሚቻልበት ሆስፒታል ደውሎ፣ አስፈቅዶ፣ ወረቀቱን አያይዞ፣ በሚገባ መኪናና ባለሙያ መላክ ነው። ምጥ የያዛትም ሴት እንዲሁ ናት። ገንዘብ ያለውም የሌለውም፣ ወረቀት ያለውም የሌለውም፣ በዚህ ላይ ልዩነት የለም።

እኛ ጋ ምዝገባው አልጋው ድረስ ሄዶ የሚሠራው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩን በጎማ እየገፉ ይገባሉ። በሩ ላይ ስምና የልደት ቀን ብቻ፣ የቀረው ሰውየው ተኝቶ፣ ሐኪሙ ካየው በኋላ። የናንተ ሆስፒታል ይህን ካላደረገ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪያት። ደረቱን የያዘ ሰው ሲገባ ደግሞ ስሙን ሳትጠይቂ ነርስ ጥሪ። ኢኬጂ (የልብ ምርመራ) በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት፣ ያቺ 10 ደቂቃ ደግሞ የምትቆጠረው በበሩ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ቻርጅ ነርሷ የጻፈችው አንቺን ለማስከሰስ አይደለም። ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ሁሉ፣ ታይቶ ይሂድ ሳይታይ፣ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ሳይታይ የሚሄድ ካለ ቁጭ አድርገሽ አደጋውን ማስረዳት አለ፣ እምቢ ካለ ማስፈረም አለ። እሳቸው ግን ለዚያም ጊዜ አልሰጧችሁም።

---

ቢል ክፍል

የገንዘቡን ነገር እኔ ልመልስ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሆስፒታል ፋይናንስ ነው የምሠራው፣ ከዚያ በፊት ሜሪላንድ ነበርኩ፣ ሁለቱንም አይቻለሁ።

ሥራ ስትለቁ ኢንሹራንሳችሁን ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ የምትቀጥሉበት «ኮብራ» የምትሉት ነገር አለ አይደል? ኤምታላ የወጣው በዚያው ሕግ ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን በሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ትልቅ የበጀት ሕግ ነበር፣ ይህች ደግሞ መሃሉ የገባች ጥቂት ገጽ ናት። ኮንግረስ ሆስፒታሎቹን እከሙ ብሎ አዘዘ እንጂ ለማከሚያው ገንዘብ አልመደበም። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ይገደዳል፣ ሜዲኬር የማይቀበል ሆስፒታል ደግሞ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ማን ይከፍላል? ብዙ ቦታ ይበታተናል። ገቢው ዝቅ ብሎ ለሜዲኬይድ (ለድሆች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) የሚያበቃው ሆኖ በኢሚግሬሽን ወረቀቱ ብቻ የማይገባ ሰው ድንገተኛ ሕመም ወይም ወሊድ ከሆነ፣ ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድ የሚባለው ለዚያ ለድንገተኛው ይከፍላል። ብዙ ድሃ ለሚያክሙ ሆስፒታሎች ከመንግሥት የሚሰጥ ተጨማሪ ድጎማ አለ። የቀረውን ሆስፒታሉ ወይ በበጎ አድራጎት ስም ይተወዋል፣ ወይ የማይሰበሰብ ዕዳ ብሎ ይሰርዘዋል፣ ወይ ከግል ኢንሹራንሶች ጋር ሲደራደር ዋጋ ጨምሮ ለማካካስ ይሞክራል።

ሜሪላንድ ግን ከሌላው ስቴት ትለያለች፣ ይሄንን ጠያቂዋ ልብ ብትይው ጥሩ ነው። እዚያ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስነው የስቴቱ ኮሚሽን ነው። ሜዲኬርም ይክፈል የግል ኢንሹራንስ፣ በኮሚሽኑ ተመን ነው የሚከፍሉት። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች የሚወጣው ወጪ በዚያ ተመን ውስጥ አብሮ ይሰላል። ስለዚህ ሸክሙ ለሁሉም ይከፋፈላል፣ ድሃ ሰፈር ያለው ሆስፒታል ብቻውን አይሸከመውም። ሱፐርቫይዘርሽ «ሆስፒታል እየተዘጋ ነው» ያለችው ስለ ሌላ ስቴት ከሆነ ይገባኛል፣ ስለ ሜሪላንድ ከሆነ ግን ሕጉን ተጠያቂ ማድረግ ይከብዳል።

ሌላ ቦታስ? እውነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከ2010 ወዲህ ከመቶ በላይ የገጠር ሆስፒታሎች ወይ ተዘግተዋል ወይ ሕመምተኛ ማስተኛት አቁመዋል። ምክንያቱን ስታዩት ግን ሕመምተኛው ጥቂት ነው፣ ሜዲኬይድ የሚከፍለው ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹም ያሉት ሜዲኬይድን ለተጨማሪ ሰው ባላሰፉ ስቴቶች ነው። ኤምታላ የሚጨምረው ይሄን ነው፦ ገንዘብ የለንም ብለው በሩን መዝጋት አይችሉም። ስለዚህ ሲጨንቃቸው የሚቆርጡት ሌላውን ነው። የማዋለጃ ክፍል ይዘጋሉ፣ ሕጉ ማዋለጃ ይኑርህ አይልማ። ድንገተኛ ክፍሉንም ጨርሶ መዝጋት ይችላሉ። ካለ ግን ለሁሉም ክፍት ይሁን ነው የሚለው። እንዲህ ሲሆን የምትጎዳው 60 ማይል ነድታ የምትወልደዋ ሴት ናት።

ስለ ቅጣቱ ደግሞ፣ በአንድ ጥፋት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል፣ አልጋው ከ100 በታች ለሆነ ሆስፒታል ግማሹ። ግን ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያየሁት ፍርሃት የቅጣቱ አይደለም። መርማሪዎች ሳያስታውቁ ይመጣሉ፣ መዝገቡን ያገላብጣሉ፣ ከባድ ነገር ካገኙ ሆስፒታሉ በ23 ቀን ውስጥ እንዲያስተካክል ይነገረዋል። አለበለዚያ የሜዲኬር ውሉ ይቋረጣል። እዚያ ላይ የሚደርስ ሆስፒታል እጅግ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ሜዲኬር የሌለው ሆስፒታል አለ አይባልም። ለዚህ ነው ሱፐርቫይዘርሽ ለሁለት ደቂቃ ወሬ ሥልጠና ያስደገመችሽ።

---

ሾፌሩ

እኔ ነርስም ሐኪምም አይደለሁም። ኡበር ነው የምነዳው። ግን ጠያቂዋ የምታወራው ስለ እኔ ዓይነቱ ሰው ስለሆነ ልጻፍ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሆዴን በቀኝ በኩል አመመኝ። ኢንሹራንስ አልነበረኝም። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ) ሄድኩ፣ ካርድ ወይ ገንዘብ አሉኝ፣ የጠሩት ዋጋ አስደነገጠኝ፣ ተመለስኩ። (ኋላ እንደተነገረኝ ከሆስፒታል ጋር ያልተያያዘ ኧርጀንት ኬር ይሄ ሕግ አያገባውም።) ሁለት ቀን ቤቴ ተኛሁ። ሆስፒታልም እንደዚያው ነው ብዬ ነው የተኛሁት። እኛ ያደግነው እንዲህ ነዋ። መጀመሪያ ካርድ አውጣ፣ ከዚያ ዲፖዚት አስይዝ፣ ከዚያ ሐኪም። አባቴ የታመመ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ኪሱን አራግፎ ነው ወደ ውስጥ የገባነው። ስለዚህ «ስንት ነው» የመጀመሪያ ጥያቄያችን ቢሆን አትፍረዱብን።

በሦስተኛው ቀን መቆም ሲያቅተኝ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ወሰደኝ። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ነበር። 6 ቀን ተኛሁ። አንድም ሰው ገንዘብ አለህ ወይ ብሎ ከበር አልመለሰኝም።

ከዚያ ፖስታ መምጣት ጀመረ። አንዱ ከሆስፒታሉ፣ አንዱ ከቀዶ ሐኪሙ፣ አንዱ ከማደንዘዣው፣ አንዱ ከላቦራቶሪው። አልከፈትኳቸውም። የመኪናዬ ኪስ ውስጥ እየከተትኩ አስቀመጥኳቸው፣ እስከማይዘጋ ድረስ። ሰው ሊሳፈር ሲል በጉልበቴ እገፋው ነበር። ቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት አየችኝና «ስጠኝ» ብላ እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። የሆስፒታሉን የፋይናንስ እርዳታ ፎርም አስሞላችኝ። የሆስፒታሉ ተሰረዘ። የሌሎቹን በወር በወር እየከፈልኩ ነው፣ አሁን አንዱ ብቻ ቀርቷል።

ያ አባት ነገ ክሊኒክ ያሉት ውሸታቸውን ነው። እኔም ብዬዋለሁ።

---

ሁለት ሥራ

ለሁሉም አክብሮት አለኝ፣ ግን ሌላውንም ጎን እናውራ። እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ በየወሩ ለኢንሹራንስ እከፍላለሁ። ባለፈው ልጄ ክንዱ ተሰብሮ ድንገተኛ ክፍል 7 ሰዓት ጠበቅን። አጠገባችን ያለው ሰው ጉንፋን ነበር። ሁሉም ነፃ ነው እየተባለ ከመጣ የምንከፍለው ሰዎች ምንድን ነው ጥፋታችን? ሕጉ ሲወጣ የታሰበው እኮ ለሚሞት ሰው ነው።

---

የማታ ነርስ

ወንድሜ፣ ልጅህ እንኳን ተሻለው። 7 ሰዓት ከተሰበረ ክንድ ጋር መጠበቅ ግፍ ነው፣ አልከራከርህም። ግን ያን ሁሉ ሰዓት የጠበቃችሁት ጉንፋን ባለው ሰውዬ ምክንያት አይደለም። የጉንፋን ሰው 15 ደቂቃ ነው የሚወስድብን፣ አልጋም አይዝም። መተላለፊያው የሚዘጋው ላይ ፎቅ ይተኛ ተብሎ የተወሰነለት ሰው አልጋ አጥቶ እኛ ጋ ሲያድር ነው። ከሠላሳ አልጋ አሥራ ስምንቱ እንደዚያ ተይዞ ያደርኩበት ሽፍት አለ። በቀሩት አሥራ ሁለት ነው የመጣውን ሁሉ የምናስተናግደው። ያ ደግሞ የነርስ እጥረትና የላይኛው ፎቅ አልጋ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹም ኢንሹራንስ ያላቸው አረጋውያን ናቸው።

---

ቢል ክፍል

@ሁለት ሥራ፣ ነፃ ነው ያለ ማንም የለም። ሕጉ ቢል አትላኩ አይልም። ይልካሉ። ካልተከፈለ ወደ ኮሌክሽን (ዕዳ ሰብሳቢ) ሊሄድ ይችላል። ሕጉ የሚገዛው ከበሩ እስከ መረጋጋት ያለውን ነው። ሰውየው ከተረጋጋ በኋላ፣ ወይም በእውነት ታስቦበት ተኝቶ እንዲታከም ከገባ በኋላ፣ ኤምታላ አለቀ፣ ሌላ ሕግ ነው የሚቀጥለው። የካንሰር ሕክምና፣ የስኳር መድኃኒት፣ ክትትል፣ ይሄ ሁሉ ውስጡ የለም። ለዚህ ነው ያው ሰው በየወሩ ስኳሩ ጣሪያ ነክቶ የሚመለሰው። ሆስፒታሉን የሚያከስረውም፣ ሰውየውን የሚጎዳውም ይሄ ምልልስ ነው።

አንተን የሚመለከት አንድ ነገር ግን አለ። ኢንሹራንስ ስላለህ፣ ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ድንገተኛ ሕክምና በኔትወርክህ ውስጥ ባልሆነ (ከኢንሹራንስህ ጋር ውል በሌለው) ሆስፒታል ወይም ሐኪም ብታገኝም ልዩነቱን አምጣ ብለው ሊልኩብህ አይችሉም። የምድር አምቡላንስ ግን እዚያ ሕግ ውስጥ አልገባም። የልጅህን ቢል በዚህ ዓይን ተመልከተው።

---

ዳላስ

ድንገተኛ ሐኪም ነኝ፣ ቴክሳስ። ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሕጉ ለምን እንደወጣ ካላወቅን የሚያሳድረው ጫና ብቻ ነው የሚታየን፣ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሆስፒታሎች ሰው ይጥሉ ነበር። ቃሉም ራሱ «ዳምፒንግ» ነው። ገንዘብ የሌለውን ደም እየፈሰሰውም ቢሆን አምቡላንስ ላይ ጭነው ወደ መንግሥት ሆስፒታል። በቺካጎ የኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ከሌላ ቦታ የተላኩላቸውን ሰዎች መዝግበው በ1986 አሳተሙት። አብዛኞቹ የተላኩት ኢንሹራንስ ስላልነበራቸው ነው። ከአራቱ አንዱ ገደማ ሳይረጋጋ ነው የመጣው።

ከዚያ እዚሁ ቴክሳስ የሆነውን ስሙ። ታኅሣሥ 1986 ነው፣ ሕጉ በሥራ ላይ ከዋለ ገና ጥቂት ወሩ። ቪክቶሪያ በምትባል ከተማ አንዲት ነፍሰ ጡር ድንገተኛ ክፍል ትመጣለች። ስድስተኛ ልጇ ነው። ምጥ ይዟታል፣ የሽርት ውኃዋ ፈስሷል፣ የደም ግፊቷ 210 በ130 ነው። ሐኪም የላትም፣ ገንዘብ የላትም። ተረኛው የማህፀን ሐኪም በስልክ ሲነገረው ወደ ጋልቨስተን ላኳት አለ። ጋልቨስተን 170 ማይል ነው። ነርሶቹ ሆስፒታሉ በሕጉ ላይ ያወጣውን መመሪያ አሳዩት፣ እሱ ግን መላኪያ ወረቀቱን ፈረመ። 40 ማይል ገደማ እንደሄዱ አምቡላንሱ ውስጥ ወለደች። እግዚአብሔር ይመስገን እናትም ልጅም ተረፉ። ሐኪሙ 20 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ ይግባኝ አለ፣ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1991 ቅጣቱን አጸናው። እኔ ይሄን ጉዳይ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ሆኜ ሳነብ የያዘኝ የነርሶቹ ነገር ነው። መመሪያውን እጃቸው ላይ ይዘው ነበር። ዛሬ ሕጉ «አልልክም» ያለን ሐኪምና ጥሰት ያመለከተን ሠራተኛ ከበቀል ይጠብቃል።

አሁን ስለ ጫናው። አዎ አለ። ተረኛ ስፔሻሊስት ማግኘት ከባድ ሆኗል። ሕጉ ሆስፒታሉ የተረኞች ዝርዝር እንዲኖረው ያዛል፣ በዝርዝሩ ላይ ያለ ሐኪም ተጠርቶ ካልመጣ ራሱም ይቀጣል፣ የቅጣቱን ገንዘብ ደግሞ የሙያ ኢንሹራንሱ ብዙ ጊዜ አይሸፍንለትም። ስለዚህ ብዙ የእጅ ቀዶ ሐኪም፣ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ከሌሊት ተራ ወጥቷል። ሆስፒታሎች ለአንድ ሌሊት ስልክ መጠበቂያ ብቻ እየከፈሉ ነው የሚይዟቸው፣ ትንሹ ሆስፒታል ይሄን አይችለውም። ከዚያ ምን ይሆናል፣ ትንሹ ሆስፒታል ያለው ባልደረባዬ በሌሊት ይደውልልኛል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰው ሰው አለኝ፣ ነርቭ ቀዶ ሐኪም የለኝም ይላል። እኛ ሐኪሙም አልጋውም ካለን እምቢ ማለት አንችልም። ኢንሹራንሱን መጠየቅ እንኳን ነውር ነው። ሳይረጋጋና ሳይፈቀድ የተጣለብን ሰው ካለ ደግሞ እኛው በ72 ሰዓት ውስጥ የማመልከት ግዴታ አለብን፣ የጎረቤት ሆስፒታል ማመልከት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከ2022 ወዲህ ደግሞ በእርግዝና ድንገተኛ ላይ ውርጃን የሚከለክል የስቴት ሕግና ይሄ የፌዴራል ሕግ ተጋጭተው ሐኪሞች መሃል ላይ ቀርተዋል። የኢዳሆው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 ዋናው ጥያቄ ሳይወሰን ተመለሰ። እሱን ሌላ ክር ላይ ብናወራው ይሻላል።

ሁሉንም ደምሬ ስጠየቅ ግን፣ ይሄን ሕግ አልለውጠውም። ገንዘቡ ይታከልበት እላለሁ እንጂ። በሬን ከፍቼ የገባውን ሁሉ «ምን አመመህ» ብዬ ብቻ መጠየቅ መቻሌ፣ በዚህ አገር በሕክምና ውስጥ ሌላ ቦታ የማላገኘው ነገር ነው።

---

የፊት ዴስክ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሾፌሩን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት፣ የመኪናው ኪስ ከዓይኔ አልጠፋም።

እሳቸው አልተመለሱም፣ ወይም በእኔ ሽፍት አልተመለሱም። ቻርጅ ነርሷ በማግስቱ በሰጡን ስልክ ደውላ ነበር፣ አይነሳም። ዛሬ ማታ እገባለሁ። አንድ ነገር በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፣ እዩልኝ፦ «ጋሼ አይጨነቁ፣ እዚህ ድንገተኛ ክፍል ነፃ ነው፣ ይግቡ።» ይሄን ብል ጥፋት አለው?

---

የማታ ነርስ

ነፃ ነው አትበያቸው። ነፃ አይደለም፣ ቢሉ የመጣ ቀን አታለለችኝ ይላሉ። ሁለተኛ ሲያማቸው ደግሞ አይመጡም።

እንዲህ በይ፦ «ጋሼ፣ ገንዘብ ኖረም አልኖረም እዚህ ይታያሉ፣ ሕጉ ነው። የገንዘቡን ኋላ እናወራለን፣ የሚረዳ ሰውም አለ። አሁን ነርሷ ትምጣ።» እየተናገርሽ ነርሷን ጥሪ። እጅሽ ጥሪው ላይ ይሁን። ወንበርም አቅርቢላቸው፣ የተቀመጠ ሰው ቶሎ አይሄድም።

የሕክምናውን ነገር ግን አንቺ አታስተርጉሚ። አማርኛ ስለምትችዪ ሊጠሩሽ ይችላሉ፣ በስልክ ወይ በቪዲዮ አስተርጓሚ ጥሩ በያቸው፣ መብታቸው ነው፣ በነፃ ነው። ያ እንኳን በእውነት ነፃ ነው።

---

ቢል ክፍል

የምጨምረው፦ የፋይናንስ እርዳታ ፎርሙን ከዴስክሽ ሥር አታጥፊ። ትርፍ የማያሳድድ ሆስፒታል ሁሉ ይሄ ፕሮግራም እንዲኖረው ይገደዳል፣ ማመልከቻውን ደግሞ የመጀመሪያው ቢል ከወጣ ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ገቢያቸው ከፌዴራል የድህነት መስመር እጥፍ የማይበልጥ ከሆነ የሆስፒታሉ ሕክምና በነፃ ነው የሚሰጣቸው። ከሐኪሙ በኋላ፣ ሲወጡ ስጫቸው። በአማርኛ ካለ በአማርኛው። ከሌለ አንድ ሰው ይጠይቅ፣ ያ ሰው አንቺ ሁኚ።

---

ሾፌሩ

የአማርኛው ፎርም ከሌለ እኔ የሞላሁት ቅጂ አለኝ፣ ስሜን አጥፍቼ እልክልሻለሁ። የት የት ላይ ምን እንደሚጻፍ ያቺ እህት በእርሳስ በአማርኛ ጽፋልኛለች።